ሁለት እጅና ሲሶ፦ የክብ መጋዝ ደኅንነት ጥያቄ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ?

ሞጣ ያለችበት ወረዳ ሁለት እጅ እነሴ ይባላል፤ ጉንደ ወይን ያለችበት ደግሞ ጎንቻ ሲሶ እነሴ። አንዱ ሁለት እጅ፣ ሌላው ሲሶ። ይህን የድርሻ ቋንቋ ያነሣሁት ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ስለ ክብ መጋዝ አደጋ አዘውትሮ የሚጠቀሰው መረጃም የሚከፈለው እንዲሁ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 የደረሱ ጉዳቶችን አጥንቶ ነበር። ምላጭ ሰው ከነካባቸው አደጋዎች ሁለት እጅ የሚሆኑት የደረሱት መከላከያ ቆብ ባልነበረው ማሽን ላይ ነው። ሲሶ ገደማው ግን የደረሰው ቆቡ በቦታው እያለ ነው።

የሙያው ክርክር በሙሉ በእነዚህ ሁለት ድርሻዎች መካከል ይዋልላል ማለት ይቻላል። አንዱ ወገን ሁለት እጁን እያሳየ «ቆቡን አታውልቁ፣ ሌላው ትርፍ ነገር ነው» ይላል። ሌላው ሲሶውን እያሳየ «ቆብ ብቻውን አይበቃም፣ ማሽኑ ራሱ ይለወጥ» ይላል። ሦስተኛም አለ፤ እሱ ሁለቱንም ትቶ ወደ ሠራተኛው ዞሮ «ተጠንቀቅ» ይላል። እኛ ዘንድ በብዛት የሚሰማው ይኸው ሦስተኛው ድምፅ ነው።

ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን የሚያየው ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በጉንደ ወይንና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ካሉ የእንጨት ሥራ ቤቶች አንጻር ነው። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ የተማሪ ዴስክ፣ የሬሳ ሣጥን የሚወጣባቸው ቤቶች ናቸው። ምላጩ የትም ዓለም ያው ምላጭ ነው። የሚቆረጠው እንጨት፣ የሚያዞረው መብራትና የሚዳኘው ሕግ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያሉ፤ ከውጭ የመጣ የደኅንነት ምክር እዚህ ሲደርስ የሚላላውም በነዚህ ልዩነቶች ምክንያት ነው።

ከምሳር እስከ ሞተር

አናጢ በማሽን ዘመን ሳይደርስ ሳንቃ ያወጣ የነበረው በምሳርና በሽብልቅ ነው። ግንዱን ሰንጥቆ፣ ግማሹን ጠርቦ፣ ከወፍራም ዛፍ ጥቂት ሳንቃ ያገኛል፤ የቀረው ፍላጭ ሆኖ ምድጃ ይገባል። አሠራሩ አባካኝ ነው። ጉዳቱ ግን ከሰው ክንድ ጉልበት አያልፍም፤ ምሳር የሳተ ሰው እግሩን ያቆስላል፣ ምሳሩም እዚያው ይቆማል። ሞተር ያመጣው አዲስ ነገር አለመቆሙ ነው።

ክብ መጋዝ ሲነሣ ሁለት ስም አብሮ ይነሣል። ሳሙኤል ሚለር የተባለ የሳውዝሃምፕተን እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1777 የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ታቢታ ባቢት ለተባለች የሼከር ሃይማኖታዊ ማኅበር ሴት ፈጠራውን የሚሰጥ ትውፊት አለ፤ እሷ የደረሰችበት የሚባለው ግን ከሚለር ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ስለሆነ ታሪኩ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው።

ወደ እኛ የመጣበትን መንገድ ቃላቱ ይመሰክራሉ። ጣውላ፣ ሞራሌ፣ ኮምፐንሳቶ፣ ኮላ፣ ሰጋቱራ፣ ቶርኖ፣ ኩሽኔታ ሁሉም የጣሊያንኛ ልጆች ናቸው። ዕቃው ቃሉን ይዞ ገባ። የሚያስገርመው የቀረው ነው። ምላጩን የሚሸፍነው ከለላ፣ ከምላጩ ጀርባ የሚቆመው ቀጭን ብረት፣ እንጨቱን በእጅ ፈንታ የሚገፋው ዱላ፣ እንደ ሰጋቱራ በየአፉ የገባ ስም የላቸውም። ስም የሌለው ዕቃ ከሱቅ አይጠየቅም፤ ከብየዳ ቤትም አይታዘዝም። እዚህ ጽሑፍ ላይ ቆብ፣ የጀርባ ቢላና መግፊያ እያልኩ እሄዳለሁ።

ማሽኑ ወደ ትንንሽ ከተሞች በብዛት የገባው ዘግይቶ ነው። በ1990 የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ ወጣቶችን በማኅበር ሲያደራጅ እንጨትና ብረታ ብረት ከዋና ዋናዎቹ ዘርፎች አንዱ ሆነ። ዛሬ በየእንጨት ቤቱ ሁለት ዓይነት ማሽን ይታያል። አንዱ በአንድ ሞተር የሚላግበት፣ የሚቆረጥበትና የሚበሳበት ከውጭ የሚገባው ኮምባይንድ ነው። ሌላው የአገር ልጅ የሠራው ነው፤ የብረት እግር፣ የላሜራ ገበታ፣ ቶርኖ ቤት የተላገ ዘንግ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ ሞተርና ቺንጋ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ሲበላሽም ሰፈር ውስጥ ይጠገናል። ከለላ ይዞ የሚወጣው ግን ከስንት አንዱ ነው።

ምላጩ ይቆርጣል፣ እንጨቱ ይራገጣል

«ማሽን ቆረጠው» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ አደጋዎችን ደርቦ ይደብቃል። ሳይለያዩ የሚሰጥ ምክር ደግሞ ግማሹ ሁልጊዜ ባዶ ነው።

የመጀመሪያው ንክኪ ነው፤ እጅ ወደ ምላጩ ሄዶ ይነካዋል። በደቂቃ 2,850 ዙር የሚዞር 30 ሴንቲ ሜትር ምላጭ እንውሰድ። የጥርሱ ጫፍ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። 40 ጥርስ ካለው በአንድ ቦታ ላይ በየሰከንዱ 1,900 ጥርስ ያልፋል። ሰው ነገሩ ገብቶት እጁን ለመሰብሰብ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ በዚያ ፋታ ያለፈው 380 ጥርስ ነው። «ነቃ ብዬ እሰበስበዋለሁ» የሚባለው እዚህ ላይ ሒሳቡ አይሞላም።

ሁለተኛው እርግጫ ነው። የምላጩ የፊት ጥርሶች ወደ ታች ስለሚወርዱ እንጨቱን ገበታው ላይ ይጫኑታል። የኋላዎቹ ግን ወደ ላይ ይወጣሉ። የተሰነጠቀው ጣውላ ከኋላ ገጥሞ ምላጩን ከቆነጠጠው፣ ወይም ጠመም ብሎ በምላጩና እንጨቱን ቀጥ አድርጎ በሚመራው ብረት (በመምሪያው) መካከል ከተቀረቀረ፣ ወጪዎቹ ጥርሶች ያነሡትና ወደ ገፊው ይወረውሩታል። እንጨቱ ሆድ ወይም ደረት ይመታል። ይህ ግን ከሁሉ የከፋው አይደለም። እንጨቱ ሲፈናጠር ሲገፋው የነበረው እጅ ድጋፉን ያጣና ወደ ፊት ይወድቃል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ምላጩ ነው።

እንግዲህ ጣቱን ያጣ ሰው ጉዳቱ በንክኪ ይመዘገባል፤ መነሻው ግን እርግጫ ሊሆን ይችላል። ቆብ ለመጀመሪያው ይረዳል፣ እርግጫን ግን አያስቀርም። ከላይ ያነሣነው ሲሶ በከፊል የሚፈታው በዚህ ይመስለኛል፦ ቆቡ በቦታው አለ፣ እንጨቱ ግን ረገጠ፣ እጅም በቆቡ ሥር ገባ።

የባሕር ዛፍ ነገር

ከውጭ የሚመጣው መመሪያ ሁሉ የደረቀ፣ ቀጥ ብሎ የተላገ ጣውላ እንደያዝን ቆጥሮ ይጀምራል። ጉንደ ወይን ላይ ማሽን ፊት የሚቀርበው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው፤ ብዙ ጊዜም እርጥብ።

እዚህ የደረስነው በሕግም በኑሮም ነው። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ዝግባን፣ የአበሻ ጥድንና ኮሶን ለይቶ ከቆረጣ ከልክሏል። ክልከላው ከመውጣቱ በፊትም ዛፎቹ እየተመናመኑ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ደግሞ በየገበሬው ማሳ ዳር ቆሞ የጎጃም ጥሬ ገንዘብ ሆኗል። ዋንዛ ለመጋዝ ገር እንጨት ነው። ባሕር ዛፍ አይደለም። ሲያድግ የግንዱ ውጪኛ ክፍል ይወጠራል፣ ውስጠኛው ይታመቃል፤ ተቆርጦም ውጥረቱን እንደያዘ ነው። እንጨት ሻጮች የግንዱ ጫፍ በራሱ ተሰንጥቆ የሚያዩት በዚሁ ምክንያት ነው። በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይለቀቃል፤ ሁለቱ ክፋዮች ወይ ይከፈታሉ ወይ ተመልሰው ይገጥማሉ። ከገጠሙ ምላጩን ይቆነጥጣሉ። እርግጫ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ደኑን ለማዳን የወጣው ሕግ እንጨት ቤቱን ወደ ተራጋጭ እንጨት ገፋው ማለት ነው። ሕጉ ስሕተት ነበር እያልኩ አይደለም። በሁለት መሥሪያ ቤቶች የሚሠሩ ሁለት ጉዳዮች አንድ ገበታ ላይ እንደሚገናኙ ግን ማንም ያሰበበት አይመስልም።

ሠራተኞች ለዚህ የራሳቸው መላ አላቸው። ምላጩ ጣውላውን ከፊሉን ካለፈ በኋላ ከጀርባ የቆመው ረዳት በተሰነጠቀው መካከል ሽብልቅ ይሰካል። የጥንቱ ሽብልቅ በማሽን ዘመን ተመልሶ ሥራ አገኘ! መላው ሲሠራ ሸጋ ነው፤ ስንጥቁ አይገጥምም። ችግሩ ሽብልቁን የሚሰካው እጅ ነው፤ ወደ ላይ ከሚወጡት ጥርሶች አጠገብ ይሆናል። ረዳቱ በዚያው እንጨቱን ስቦ የሚቀበል ስለሆነ አጭር ገበታ ያለው ማሽን ላይ በጣም ይቀርባል። የብሪታንያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከጀርባ የሚቀበል ሰው ካለ ከምላጩ ዘንግ እስከ ገበታው ጫፍ ቢያንስ 1.2 ሜትር እንዲሆን የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ከሁለት ክንድ በላይ መሆኑ ነው። የላሜራ ገበታን በዚያ ልክ ማስረዘም የአንድ ቀን የብየዳ ሥራ ነው።

«ተጠንቀቅ» የሚለው ወገን

በመጨረሻ ከጠቀስኩትና በብዛት ከሚሰማው ልጀምር፤ ይህ አቋም ደኅንነትን በሠራተኛው ጠባይ ላይ ይጥላል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉና፣ ማሽን ከመንካት በፊት መሠልጠን ይገባል የሚለው ማንም የማይቃወመው ነው። በጀርመን የአናጢነት ተለማማጅ የማሽን ኮርስ ወስዶ ማለፍ ግዴታው ነው። እኛም ጋ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ያስተምራሉ። ከኮሌጅ ውጪ የሚገባው ለማጅ ግን ትምህርቱ በዓይን ነው፤ የአለቃውን እጅ እያየ ይለምዳል። አለቃው ቆብ ከሌለው ማሽን ጋር አሥር ዓመት ከኖረ፣ ለማጁ የሚማረው ቆብ የሌለው አሠራርን ነው።

የዚህ ወገን ጥንካሬ ዋጋ አለመጠየቁ ነው። ምክሮቹም አብዛኞቹ እውነት ናቸው፦ ከምላጩ መስመር ገለል ብሎ መቆም፣ ማሽኑ እየዞረ ቁራጭ በእጅ አለማንሣት፣ ከጣውላው ላይ ምስማር መፈለግ፣ ያለ መምሪያ በነጻ እጅ አለመሰንጠቅ። ልብስም አለ። የጠዋቱ ብርድ ጋቢ ያስደርባል፤ የተንጠለጠለ ጋቢ፣ የተለቀቀ እጅጌ፣ የረዘመ ማተብ ግን ለሚዞር ዘንግ ግብዣ ነው። በጓንት ላይ ደግሞ ግልጽ ስሕተት አለ። የደኅንነት ዕቃ ታደለ ሲባል መጀመሪያ የሚታደለው ጓንት ነው። ጓንት ጣውላ ለመሸከም ጥሩ ነው፤ በሚዞር ምላጭ ፊት ግን ጥርሱ ክሩን ይዞ እጁን በሙሉ ይጎትታል። መጋዝ ላይ ጓንት አይደረግም።

ድክመቱ ጥንቃቄ የሚያልቅ ነገር መሆኑ ነው። ጉዳት የሚደርሰው በጀማሪ ላይ ብቻ አይደለም፤ በልምዱ የሚተማመነውም፣ መቶኛውን ተመሳሳይ ቁራጭ ሲቆርጥ ሐሳቡ ወደ ሌላ የሄደውም ይጎዳል። በቁራጭ የሚከፈለው ሠራተኛ ለመፍጠን ምክንያት አለው። መብራት ከመሄዱ በፊት ልጨርስ የሚልም አለው። ለእንዲህ ያለው ሰው «ተጠንቀቅ» ማለት ስለ ሥራው ሁኔታ አንድም ነገር ሳይለውጡ ጥፋቱን ቀድሞ ማሸከም ነው።

የጀርባ ቢላ፦ ርካሹ ብረት

ሁለተኛው አቋም ማሽኑን አጥሩት ይላል። የዚህ ሐሳብ አገሩ ብሪታንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው የእንጨት ሥራ ማሽኖች ደንብ ክብ መጋዝ ላይ ሦስት ነገር አስገደደ፤ ከገበታ በታች ያለው ምላጭ በሁለት በኩል እንዲጋረድ፣ ከላይ ቆብ እንዲኖር፣ ከጀርባ ደግሞ ቢላ እንዲቆም።

የጀርባ ቢላ ስሙ ቢላ ይሁን እንጂ አይቆርጥም። ምላጩ በከፈተው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ስንጥቁ እንዳይገጥም የሚይዝ፣ እንደ ምላጩ ቅርጽ የጎበጠ ብረት ነው። ያ ረዳት በእጁ የሚሰካው ሽብልቅ በብረት ተሠርቶ ለዘለቄታው ሲተከል ይኸው ነው። ልኩ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከምላጩ ገላ መወፈር አለበት፣ አለበለዚያ ስንጥቁን አይዝም። ጥርሱ ከሚከፍተው መቅጠን አለበት፣ አለበለዚያ እንጨቱ አያልፍበትም። ገላው 2.2፣ ጥርሱ 3.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ምላጭ 2.5 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይስማማዋል። በገበታው ልክ ሲለካ ከጥርሱ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ ከራቀ እንጨቱ በመካከሉ ይገጥማል። ደግሞም ልክ በምላጩ መስመር መቆም አለበት። ትንሽ ከወለገደ ራሱ እንጨቱን ያጣምማል፤ ለዚህ ነው አንዳንድ ሰው ሞክሮት «ይይዛል» ብሎ የሚጥለው።

በአሜሪካ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ለብዙ ዘመን የተለመደው ከቆቡ ጋር አንድ ላይ የታሰረ መለያ ብረት ነበር። ቆቡ ሥራ ሲከለክል ይወልቃል፤ መለያው አብሮት ይሄዳል። ከምላጩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ፣ ቆቡ ቢወልቅም የሚቀር የጀርባ ቢላ በአዳዲስ ማሽኖች ላይ የተለመደው ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ብሪታንያ ከደነገገችው ሰማንያ ስድስት ዓመት በኋላ! ከላይ የተጠቀሰውን ሁለት እጅ ስናነብ ይህን ማስታወስ ይገባል። «ቆብ አልነበረም» የተባለባቸው ብዙ ማሽኖች ላይ መለያውም አልነበረም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ቆብ ስንቱን እንደሚያድን ብቻውን አይነግረንም። የቆብ ደጋፊዎች ይህን ቁጥር ሲጠቅሱ ይህችን ይዘሏታል።

ቆብን በተመለከተ የሠራተኛው ቅሬታ መሠረት አለው። መስመሩን ይጋርዳል፣ ቀጭን ነገር ሲቆረጥ መግፊያ አያሳልፍም። በአሜሪካው ጥናትም ቆብ ያልነበራቸው አብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ቆቡን ያወለቀው ባለቤቱ ነው። የአገር ቤቱ ማሽን ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ምላጩ ከፍና ዝቅ አይልም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ጣውላ ሲቆረጥ አሥር ሴንቲ ሜትር ምላጭ ባዶውን ይዞራል። የምላጭ ከፍታ በባለሙያዎች ዘንድ ራሱን የቻለ ክርክር ነው፤ ከፍ ያለ ምላጭ እንጨቱን ወደ ታች ስለሚጫን እርግጫን ይቀንሳል የሚሉ አሉ፣ ዝቅ ያለው የሚነካ ጥርስ ያሳንሳል የሚሉ አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ ሁለተኛው ነው፤ ቢላ ካለ እርግጫውን ቢላው ይይዘዋልና። ገበታው በማጠፊያ ከፍ ዝቅ እንዲል ማሠራት ይቻላል።

መግፊያው አያከራክርም። የብሪታንያው መመሪያ የመጨረሻው 30 ሴንቲ ሜትር በእጅ አይገፋም፣ ቢያንስ 45 ሴንቲ ሜትር በሚሆን መግፊያ ይገፋ ይላል። ጫፉ ጣውላውን እንዲነክስ የተቀረጸ ቁራጭ እንጨት ነው። እንጨት ቤት ውስጥ እንጨት ጠፍቶ አይታጣም።

ሥጋ ለይቶ የሚቆም መጋዝ

ሦስተኛው አቋም ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ስቲቭ ጋስ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ምሁርና የፈጠራ መብት ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1999 ምላጩ ላይ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስኬድ መሣሪያ ሠራ። ሥጋ ሲነካው ምልክቱ ይለወጣል፤ የአሉሚኒየም ፍሬን ምላጩ ውስጥ ተሰክቶ በ5 ሺኛ ሰከንድ ገደማ ያቆመዋል። ከሚቆረጥ ጣት ይልቅ ጭረት ይቀራል። ሶውስቶፕ የሚባለው ይህ ነው። ፈጣሪው እ.ኤ.አ. በ2003 የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽኑ ግዴታ እንዲያደርገው አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮሚሽኑ ያቀረበው ረቂቅ በሰከንድ አንድ ሜትር ሲቀርብ የነካውን ነገር ምላጩ ከ3.5 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይቆርጥ የሚል ነበር።

ደጋፊዎቹ የሚያነሡት አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ 30 ሺህ ገደማ ሰው በመጋዝ ገበታ ተጎድቶ ድንገተኛ ክፍል መግባቱንና 4 ሺህ ገደማው አካሉ መቆረጡን ነው። ተቃዋሚዎቹ አምራቾች ዋጋ፣ የፈጠራ መብት መከማቸትና ያለ ምክንያት መተኮስን ያነሣሉ። በኛ ዓይን ሦስተኛው ነጥብ ሁሉንም ይበልጣል። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ መሣሪያው ከሥጋ ላይለየው ይችላል። ለዚህም አምራቹ እርጥብ ሲቆረጥ መከላከያውን ማጥፊያ ሠርቶለታል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ የሚውል ቤት መሣሪያውን አጥፍቶት ይውላል ማለት ነው። አንዴ ሲተኩስ ደግሞ ምላጩም ፍሬኑም ይጣላሉ፤ ፍሬኑ ብቻ 100 ዶላር አካባቢ ነው። ለአዲስ አበባ ትልልቅ የፈርኒቸር ፋብሪካዎች፣ ደረቅ ኤምዲኤፍና ቺፑድ ለሚቆርጡ፣ ሊያወጣ ይችላል። ጉንደ ወይን ላይ ግን መልስ አይሆንም።

መብራት ሲመለስ

የውጭዎቹ ክርክሮች እምብዛም የማያነሡት አደጋ አለ። ማሽኑ እየሠራ መብራት ይሄዳል። ምላጩ ይቆማል። ሠራተኛው ማብሪያውን ሳያጠፋ ቁራጩን ያነሣል፣ ሰጋቱራውን ይጠርጋል፣ ምላጩን ይፈታል። መብራት ይመለሳል።

ተራ ማብሪያ ወደ «በራ» ከተመታ በዚያው ነው የሚቀረው። በኮንታክተር የሚነሣ ሞተር ግን መብራት ሲቋረጥ ኮንታክተሩ ስለሚለቅ፣ መብራቱ ሲመለስ ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ አይነሣም። ማንኛውም ኤሌክትሪሽያን የሚያውቀው ሥራ ነው። ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር ላይ ሌላም አለ። መስመር ተጠግኖ ሁለት ፌዝ ከተዛወረ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ያኔ ጥርሱ እንጨቱን ከገበታው ያነሣል፤ ምላጩን የያዘውም ዳዶ ሊፈታ ይችላል። ከጥገና በኋላ እንጨት ሳያስነኩ አብርቶ አዟዟሩን ማየት የግማሽ ደቂቃ ነገር ነው።

ሕጉ ማንን ያያል?

ሕግ የለም የሚለው ትክክል አይደለም። ኢትዮጵያ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። ከአዋጅ 64/1968 እስከ 42/1985፣ ከ377/1996 እስከ አሁን በሥራ ላይ እስካለው 1156/2011 ድረስ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጎቻችን በአሠሪው ላይ ግዴታ ሲጥሉ ኖረዋል። በ1156 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። የተጎዳው ለመጀመሪያ ሦስት ወር ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር ከመቶ 75፣ ከዚያ ለስድስት ወር ከመቶ 50 ያገኛል። ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው።

ቋጠሮው ሁለት ቦታ ላይ ነው። ሕጉ ሠራተኛው ሆን ብሎ ያደረሰውን ጉዳት ከአሠሪው ኃላፊነት ያወጣል፤ አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስንም ከዚያ ይቆጥረዋል። ቆብ የሌለው ማሽን ያለው አሠሪ «እጅህን አታስጠጋ ብዬዋለሁ» ቢል መመሪያ ሰጠ ይባላል? የመከላከያ ዕቃ የማቅረብ ግዴታውን ያልተወጣ ሰው በቃል ማስጠንቀቂያ መዳን አይገባውም ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ሰፋ ይላል። አዋጁ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተቀበለ የሚሠራን ሰው አያካትትም። በማኅበር የተደራጁ አምስት ወጣቶች አንድ ማሽን ይዘው ሲሠሩ አሠሪው ማን ነው? ጣውላውን ይዞ መጥቶ በሰዓት ከፍሎ የሌላ ሰው ማሽን ላይ የሚሰነጥቀው አናጢስ? በቁራጭ የሚከፈለውን ደግሞ ባለቤቱ ኮንትራክተር ሊለው ይችላል። በትንንሽ ከተሞች የእንጨት ሥራው በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው፤ ሕጉ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ግን ደመወዝተኛውን ነው።

የተቆጠረውና ያመለጠው

በአገራችን ከተሞች በእንጨትና በብረት ሠራተኞች ላይ የሚካሄዱ ጥናቶች በአብዛኛው አንድ መልክ አላቸው። አጥኚው ሥራ ቦታ ሄዶ «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት ተጎድተሃል?» ብሎ ይጠይቃል። የሚመልሱት ማሽኑ ላይ ያሉት ናቸው። ሁለት ጣቱን አጥቶ ወደ እርሻ የተመለሰው አልተጠየቀም። ስለዚህ ቀላሉ ጉዳት ይበዛል፣ ከባዱ ያንሳል። ብዙዎቹ ጥናቶች ጓንትና መነጽር ማድረግን ይጠይቃሉ፤ ማሽኑ የጀርባ ቢላ እንዳለው፣ ማብሪያው ምን ዓይነት እንደሆነ ግን አይጠይቁም። ያልተጠየቀ ነገር ምክንያት ሆኖ አይወጣም፤ መደምደሚያውም ተመልሶ «ሥልጠናና የግል መከላከያ» ይሆናል። የ«ተጠንቀቅ» ወገን በመረጃ የበለጸገ የሚመስለው በጥያቄ አወጣጡ ምክንያት ነው።

ከጣት ውጪ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት የእንጨት ብናኝን እ.ኤ.አ. በ1995 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቧል። የመጋዝ ጩኸት ጆሮ ከሚችለው 85 ዴሲቤል በላይ ነው። እነዚህ በአንድ ቀን ደም አያፈሱምና ክርክር ውስጥ ስፍራ አላገኙም።

ወደ ጣት ልመለስ፦ አደጋው ደርሶ የተቆረጠ ጣት ካለ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በላስቲክ ከረጢት ይታሰር፣ ከረጢቱ በረዶ ያለበት ውኃ ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ በቀጥታ አይንካው። እንደዚያ ከተያዘ እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ይችላል፣ ያለ ቅዝቃዜ ግን ከግማሽ ቀን አያልፍም። መልሶ መስፋት ግን በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ልዩ ቀዶ ሕክምና ነው፤ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም።

በጉንደ ወይንም በቢቸናም በሞጣም ማሽን ያላችሁ ባለሙያዎች፣ ከዚህ ሁሉ ክርክር ነገ ጠዋት በእጃችሁ ያለው ሁለት ነገር ነው። ኤሌክትሪሽያን ጠርታችሁ ማብሪያውን በኮንታክተር አስቀይሩ። ምላጩን ፈታችሁ ብየዳ ቤት ውሰዱና ገላውንና ጥርሱን አስለክታችሁ ቢላ አሠሩ፤ የሚፈጀው ትንሽ የላሜራ ቁራጭ ነው።